ለባሪያው ማን ፈረደለት?

አቃቂ የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ወጣቶች ስለ ባቡር ጣቢያው፣ ስለ ፋብሪካዎቹ፣ ስለ ወንዙ ብዙ ሰምታችሁ ይሆናል። ስለ አሮጌው ራዲዮ ጣቢያ ግን የሚያወራችሁ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ እዚሁ አቃቂ አንድ ኃይለኛ የራዲዮ ማሰራጫ ተተክሎ ነበር። የሠራው አንሳልዶ የሚባል የጣሊያን ኩባንያ ነው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ጦሯን በወሰናችን ላይ ስታከማች፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውጭው ዓለም የተናገሩት በዚሁ ጣሊያኖች በሠሩት ጣቢያ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል።

ንግግሩ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ጥቂት ቀናት ወደ ኋላ እንመለስ። ነሐሴ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. የጣሊያን መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ረጅም የክስ ጽሑፍ አቀረበ። ፎቶግራፎችም ተያይዘውበት ነበር። የክሱ ፍሬ ነገር ኢትዮጵያ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ሲሆን፣ ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች ዋነኛው ባርነት ነበር።

ስለ ወረራው በትምህርት ቤት ወልወልን፣ የዐድዋን ቂም፣ የመርዝ ጋዙን እንማራለን። ይህን ክስ ግን ቶሎ እናልፈዋለን፤ ስለሚያሳፍረን ይመስለኛል። እኔ ዛሬ እዚያው ላይ ልቆይ። ክሱ ሰበብ ነበር፤ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ሰበቡን ማን አቀበላቸው? ይህን የጠየቀ ሰው መንገዱ ወደ ችሎት ይወስደዋል፤ ባሪያው ከዳኛ ፊት ቆሞ ምን ተፈረደለት ወደሚለው ጉዳይ።

ፍርድ ቤት ስለ ባርነት የሰጠው ውሳኔ አገርን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ሲገፋ በጣም ግልጽ ሆኖ የሚታየው በአሜሪካ ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር፤ የዚህን ታሪክ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

ድሬድ ስኮት በ1799 ገደማ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። ጆን ኤመርሰን የሚባል የጦር ሠራዊት ሐኪም ገዛውና በተዛወረበት ሁሉ ይዞት ዞረ። ከዞሩባቸው ቦታዎች ሁለቱ፣ ኢሊኖይና ዛሬ ሚኒሶታ የሚባለው ምድር፣ ባርነት በሕግ የተከለከለባቸው ነበሩ። ስኮት ሃሪየት የምትባል ሴት አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ሐኪሙ ከሞተ በኋላ ባልና ሚስቱ በ1846 ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኝ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ቃላቸው አጭር ነበር፤ ነፃ ምድር ላይ ኖረናልና ነፃ ነን።

ይህ የሞኝ ሙግት እንዳይመስላችሁ። የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች ከ1824 ጀምሮ፣ ጌታው ነፃ ምድር ላይ ያኖረው ባሪያ ነፃ ወጥቷል፤ ወደ ሚዙሪ ቢመለስም ነፃነቱ አይነጠቅም እያሉ ለብዙዎች ፈርደው ነበር። ባሪያ ጌታውን ከስሶ የሚረታበት ችሎት ነበረ ማለት ነው። ስኮቶችም በ1850 ረቱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው። ዘመኑ እንደ ድሮው አይደለም አሉ ዳኞቹ። እውነት ነው፣ ዘመኑ ተለውጧል፤ የሰሜን ሰዎች ባርነትን አጥብቀው መቃወም ጀምረዋል፣ የደቡብ ሰዎች ደግሞ እልህ ውስጥ ገብተዋል። ሕጉ ግን ያው ነበር። ፍርድ ቤቱ እልሁን ተከትሎ ፈረደ።

ነገሩ በሌላ ክስ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዞሮ ዋሽንግተን ደረሰ። ማርች 6 ቀን 1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ 2 ድምፅ ፈረደ። ፍርዱን ያነበበው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቶኒ ነው። ጥቁር ሰው፣ ባሪያም ይሁን ነፃ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህም በፌዴራል ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት የለውም አለ። እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር፤ ከሳሹ የመክሰስ መብት ከሌለው ሌላ ምን የሚወሰን ነገር አለ? ቶኒ ግን ቀጠለ። የአገሪቱ ምክር ቤት በአዳዲስ ግዛቶች ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ ከ1820 ጀምሮ ሰሜንና ደቡብን አቻችሎ ያቆየው ስምምነትም ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ሲል ፈረደ። ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ቤንጃሚን ከርቲስ፣ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ በአምስት ግዛቶች ነፃ ጥቁሮች ድምፅ ይሰጡ እንደ ነበር በማስረጃ አሳየ። የሰማው የለም። በዚያው ዓመትም ከፍርድ ቤቱ ለቀቀ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የቶኒ ማንነት ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ የራሱን ባሪያዎች ነፃ አውጥቷል። ጨካኝ ስለ ነበር ፈረደ ብለን እንዳናልፈው ይህ እውነት መንገድ ላይ ይቆምብናል። የፈለገው ክርክሩን አንዴ ዘግቶ ለአገሩ ሰላም ማምጣት ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካነንም ያንኑ ይመኝ ነበር። ፍርዱ ከመነበቡ ሁለት ቀን በፊት በሹመት ንግግሩ ላይ፣ ፍርድ ቤቱ የሚወስነውን ሁላችን በደስታ እንቀበል አለ። ቀደም ብሎ ግን ከዳኞቹ አንዱን፣ ሮበርት ግሪየርን፣ ከብዙኃኑ ጋር እንዲቆም በደብዳቤ ወትውቶት ነበር።

ሰላሙ አልመጣም። ባርነት ወደ አዲስ ግዛት አይስፋፋ የሚል አቋም ይዞ የተነሣው የሪፐብሊካን ፓርቲ፣ ዓላማው ሁሉ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። በክርክር፣ በምርጫ፣ በሕግ ማውጣት ነገሩን ቀስ አድርጎ መፍታት ይቻላል የሚሉት ሰዎች መቆሚያ አጡ። ደቡቦች አሁን ሕግ ከእኛ ጋር ነው አሉ፤ ሰሜኖች ደግሞ ነገ በራሳችን ግዛት ውስጥ ባርነትን ሊፈቅዱብን ነው ብለው ፈሩ። ዴሞክራቶች በ1860 ለሁለት ተሰነጠቁ፤ አብርሃም ሊንከን ከመራጩ ድምፅ 40 በመቶ እንኳ ሳይሞላ አሸነፈ። ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት ሰባት የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ ወጡ። ማርች 4 ቀን 1861 ሊንከንን ያማለው ማን ይመስላችኋል? ያው ሮጀር ቶኒ፤ ልማዱ እንደሚያዘው። ከስድስት ሳምንት በኋላ መድፉ ተተኮሰ። ከ600,000 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ጦርነቱን ያመጣው ይህ ፍርድ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ካንሳስ ውስጥ ሰዎች ቀድሞውኑ እየተገዳደሉ ነበር። እንደ እኛ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትም ከፍርድ ቤቱ ቀድመው ተከፍለዋል፤ ሜቶዲስቶች በ1844 ባሪያ ባለው ጳጳስ ምክንያት፣ ባፕቲስቶች በ1845። በሁለቱም ወገን ያለው መጽሐፍ አንድ ነበር። ፍርዱ ያደረገው የቀረውን የመነጋገሪያ በር መዝጋት ነው።

ድሬድ ስኮትስ? ፍርዱ በተነበበ በሦስተኛው ወር የቀድሞ አሳዳሪዎቹ ልጆች ነፃ አወጡት። በሚቀጥለው ዓመት ሞተ። ጦርነቱን አላየም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛ ዘንድ ለዘመናት ሕግ የሚጠቀሰው ከፍትሐ ነገሥት ነበር፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አንድ የግብፅ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ ያዘጋጀውና ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፍ። መጽሐፉ ስለ ባርነት ሁለት ነገር በአንድ አፍ ይናገራል። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነፃ ነው፤ ጦርነትና ምርኮ ግን አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደርጋሉ ይላል። ባሪያን ነፃ ማውጣትም መልካም ሥራ ነው። ዳኛው እንግዲህ የወደደውን ግማሽ መጥቀስ ይችላል።

ነገሥታቱ ዝም አላሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከልክለዋል። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ንግዱን ለማጥፋት ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራርመዋል። ዐፄ ምኒልክም አውጀዋል። በዚያው ዘመን ግን ከከፋ፣ ከጊሚራ፣ ከማጂ፣ ከወለጋና ከኢሉባቦር ሰዎች እየተፈነገሉ ወደ ገበያ ይነዱ ነበር። አንዳንዱ አገር ሰው አልባ እስኪሆን ድረስ ተራቆተ። አዋጁ አዲስ አበባ ይነገራል፤ ፈንጋዩ ሩቅ አገር ነው፤ በሩቁ አገር የሚፈርደው ሹም ደግሞ ከፈንጋዩ ድርሻ አለው።

ከእነዚያ ልጆች ሁለቱን ስማቸውን ታውቃላችሁ። ሂካ ኢሉባቦር ውስጥ በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 እዚያ የነበረው ቨርነር ሙንትሲንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ሚስዮናውያን ሰጠው። ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ከፊልሞና መልእክት የተወሰደ ስም ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ሰው ነው፤ ሂካ የሚለው የልጅነት ስሙም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በሥራው አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም የሊሙ ኢናሪያ ንጉሥ ባሪያ ነበረች። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ የጣሊያን መርከብ ደርሶ አስጣላት።

አዎ፣ የጣሊያን መርከብ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን የሆነው ይህ ነው። ኦነሲሞስንም አስቴርንም ነፃ ያወጣቸው ፈረንጅ እንጂ በአገራቸው ችሎት የተቀመጠ ዳኛ አይደለም። ጄኔቭ ላይ በ1927 ዓ.ም. የቀረበው ክስ ሥሩ እዚህ ነው።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። እንግሊዝ በባርነት ምክንያት አንገራግራ ነበር፤ ጣሊያን ግን በመጨረሻ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን ሕግ አወጁ። ባሪያዎች እንዲመዘገቡ፣ ከባሪያ የሚወለድ ልጅ ነፃ እንዲሆን፣ የሚሸጥ የሚለውጥ እንዲቀጣ ተደነገገ። ለጉዳዩ የተለዩ ዳኞችም ተሾሙ። በ1923 ዓ.ም. ሕጉ ተጠናከረ፤ በ1924 ማብቂያ ላይም ለባርነት ጉዳይ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከ60 በላይ ቅርንጫፎች በየአገሩ ተከፈቱ። ነፃ ለወጡ ልጆች አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ከሚመሩት አንዱ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው በሕፃንነታቸው መቅደላ ላይ ከጦርነት በኋላ ተገኝተው፣ በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው ያደጉ ሰው ናቸው።

ታዲያ ለምን አልሠራም? ወይም ለምን በዝግታ ሠራ? እስቲ ራሳችሁን በአንድ ባሪያ ቦታ አስቀምጡ። ችሎት መቅረብ አለባችሁ። ያኔ ዳኝነት ከሹመት አይለይም ነበር፤ የአገሩ ገዥ የአገሩ ዳኛ ነው። በዳኛው ጓዳ ውኃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚፈልጡት፣ እህል የሚፈጩት እንደ እናንተ ያሉ ናቸው። ለእናንተ ቢፈርድ ነገ የራሱ ቤት ይፈርሳል። ሙግት ደግሞ ዋስ ይጠይቃል፣ ምስክር ይጠይቃል። በአራት ዓመቱ ከወላጆቹ ተሰርቆ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የተነዳ ሰው ዋስ የሚሆነው ማን ነው? ቋንቋውን እንኳ የሚሰማለት የለም። ረትቶ ነፃ ወረቀት ቢይዝስ ምን ይበላል? መሬት የለው፣ ዘመድ የለው። ብዙዎቹ ነፃ ወጥተው እዚያው ጌታቸው ደጅ ቆዩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነፃ የወጡበት ጊዜ አለ፤ የተፈረደባቸው ነጋዴዎችም አሉ። ከባሪያው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነበር።

መንግሥት ለምን በአንድ ቀን አላጠፋውም ብላችሁ ብትፈርዱ አልከለክላችሁም። እኔም እንዲሁ አስባለሁ። ግን የንጉሠ ነገሥቱን ፍርሃትም አስቡ። ባሪያ ያላቸው መኳንንት ጦርም ነበራቸው። ራስ ጉግሣ ወሌ ሸፍተው አንቺም ላይ የተዋጉት መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ ከአዋጁ ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን። የሽፍትነታቸው ምክንያት ባርነት አልነበረም፤ ዙፋኑ ግን ምን ያህል ይናወጥ እንደ ነበር ያሳያል። ባሪያዎችን በአንድ ፊርማ ነፃ ማውጣት የእርስ በርስ ጦርነት ሊያስነሣ ይችል ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የፀረ ባርነት ማኅበር ለመጡ መልእክተኞች ንጉሠ ነገሥቱ ባርነት በ15 ወይም በ20 ዓመት ውስጥ ያልቃል ብለው ቃል ገቡ። ምክንያታዊ ዕቅድ ነው ሊባል ይችላል። አሜሪካኖች በአንድ ፍርድ ጦርነት ውስጥ ገቡ፤ እኛ ጦርነት ፈርተን ፍርዱን አዘገየነው።

የቆየው ግን ሙሶሊኒን ጠቀመው። ቃሉ ከተገባ አራት ዓመት ሳይሞላ ክሱ ጄኔቭ ደረሰ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ጋስቶን ዤዝ ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። ክርክራቸው ጠንካራ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጠች ጣሊያን ዛሬ ምን አዲስ ነገር አየች? መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያን ወራሪ ናት ብሎ ወሰነ፤ ዓለም ግን ለውሳኔው የሚገባውን ያህል አልቆመለትም። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ነዳጁ፣ የሂትለር ፍርሃት፣ የፈረንሳይ ስሌት። ከእነዚህ መካከል ግን በአውሮፓ ጋዜጦች ደጋግሞ የተጻፈው ባሪያ ለሚሸጥ አገር ለምን እንሟገታለን የሚለው ቃል የብዙውን ሰው ልብ አቀዝቅዟል።

ጥቅምት 3 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀኔራል ደ ቦኖ በያዘው በትግራይ ምድር ባርነት ቀርቷል ብሎ አወጀ። አዋጁን የሰሙ፣ ሰንሰለታቸው በእርግጥ የወደቀላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። አዋጁን ያወጀው መንግሥት ያንኑ ሕዝብ በመርዝ ጋዝ ፈጀው፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለሦስት ቀን ጨፈጨፈው። ኢትዮጵያ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብላለች። በእነዚያ ሦስት ቀኖች ጌታና ባሪያ ብሎ የለየ የለም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ባርነት ያለ ቀስ በቀስ፣ ያለ ምዝገባ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ቀረ። በባሪያ ንግድ የተገኘ ሰው እስከ ሞት ሊቀጣ ይችላል ተባለ። ያኔ መኳንንቱ እንደ ድሮው የየራሳቸው ጦር አልነበራቸውም፤ አገሩን የመታው ጦርነት እነርሱንም መትቷቸዋል። የመጀመሪያው አዋጅ ከወጣ 18 ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያን ዓመት የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ባሪያ በ1984 ዓ.ም. ገና 60 ዓመቱ ነው። ወላጆቻችሁ በልጅነታቸው አግኝተውት ይሆናል፤ በሰንበት ከጎናቸው ተቀምጦ ይሆናል። የልጅ ልጆቹ ደግሞ ዛሬ እናንተን ያክላሉ። በአንዳንድ ቤት ጋብቻ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጥንታቸው ምንድን ነው ብለው የሚጠይቁት ስለ እነርሱ ነው።